የሸራ ኮሌታ

አዲስ ሸራ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ሰምና ላምባ የተቀላቀሉበት፣ ከሥሩ ደግሞ ካውያ የነካው ጥጥ የሚሸት። በ2017 አንድ ጠዋት ለዘገባ ወደ ጅቡቲ ወደብ ሄጄ በቆሙት መኪኖች መካከል ሳልፍ ይህ ሽታ ድንገት ያዘኝና ዘወር ብዬ ሳይ፣ አንድ ሹፌር ስንዴ በጫነ ተሳቢ ላይ ሸራ እየዘረጋ ነበር። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ምንም አልሸተተውም። እኔ ግን ያደግኩት በዚህ ሽታ ውስጥ ስለሆነ ሥራዬን ትቼ ቆምኩና ሹፌሩ ገመዱን አስሮ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

ቤታችን እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ነበር። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ፣ በመሃል ጠባብ ግቢ፤ በግቢው ውስጥም ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የአባቴ የስፌት መኪና ይቀመጥ ነበር። አባቴ ዑመር የድሬዳዋ ሰው ነው። በወጣትነቱ በባቡር ጅቡቲ ገብቶ፣ ከአንድ የመናዊ ነጋዴ ዘንድ ሸራ መስፋት ተምሮ፣ ኋላ የራሱን ሱቅ ከፍቶ፣ ጭነት መኪኖች የሚለብሱትን ሸራ እየቆረጠ፣ እየሰፋ፣ ገመድ የሚያልፍባቸውን የነሐስ ቀለበቶች በመዶሻ እየመታ ይሸጥ ነበር። ገና መካ ሳይሄድ ሹፌሮቹ ሁሉ «ሐጂ» ይሉት ነበር። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ አልሄድኩም» እያለ ያርማቸው ነበር፤ በኋላ ሰለቸውና «እንግዲህ አንድ ቀን መሄዴ አይቀርም» ብሎ ተወው።

አንድ ሸራ ሰፍቶ ሲጨርስ ስፌቱን በዓይኑ አይመረምርም ነበር። ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ከሰው ጋር እያወራም ቢሆን፣ አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር እያስኬደ ይዳብሳል፣ የላላ ቦታ ሲያገኝ ጣቱ ይቆማል፣ ወሬውም ይቆማል፣ ከዚያ ያን ቦታ ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ከሱቃችን የወጣ ሸራ ዝናብ አስገባ ተብሎ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ እኔ የሰባት፣ ታላቅ ወንድሜ ናስር የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበርን። ስለ ጦርነቱ ቤት ውስጥ ብዙ አይወራም ነበር፤ እኛ ያየነው ውጤቱን ነው። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞሮ፣ ከከተማው ዳር ፔካ 12 ላይ መኪኖች ዓይን እስኪደክም ተሰልፈው ያድሩ ጀመር፣ እያንዳንዱም መኪና ሸራ ይፈልግ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ዋናው የሥራ ጊዜያችን ነበር። ናስር ከትምህርት ቤት ሲመለስ የመለኪያውን ገመድ በትከሻው ጥሎ፣ ፔካ 12 ሄዶ፣ መኪኖቹን ለክቶ ይመጣል፣ አባቴ ይቆርጣል፣ እኔ ደግሞ የነሐስ ቀለበቶቹን ከጣሳ እያወጣሁ አቀብላለሁ። ናስር ሱቁን እንደሚወርስ ማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር፤ መናገር የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።

ከሰኔ ጀምሮ ኻምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲመጣና መብራት ቀኑን ሙሉ ሲጠፋ፣ አቅም ያለው ሁሉ ሴቱንና ልጁን በባቡር ወደ ድሬዳዋ ይልክ ነበር። ሙቀት ሽሽት ድሬዳዋ የሚኬደው ከጅቡቲ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እናቴና እኔ ከአያቶቼ ቤት ሁለት ወር ከርመን መስከረም ላይ እንመለስ ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በመጣው የሙቀት ወቅት ናስር «እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ከአባባ ጋር እቀራለሁ» ብሎ ቀረ። ስንመለስ ባቡር ጣቢያ ሊቀበለን መጣ፣ እናቴ ልትስመው ጎንበስ ስታደርገው ጮኸች፤ የግራ ጆሮው አብጦ፣ ቅርጹን አጥቶ፣ የተጨመቀ ቅጠል መስሎ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ? ተናገር!»

«ማንም አይደለም እማዬ። ጨዋታ ነው።»

«በጆሮ የምን ጨዋታ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከፈረንሳይ ጦር ጋር ወደ ከተማው የመጣ ኤዲልሰን የሚባል ብራዚላዊ ወታደር፣ መሬት ላይ የሚዘረጋ ሸራ ሊገዛ ሱቃችን ገባ። አባቴ ስሙን መጥራት ስላቃተው በዚያው ቀን «ኢድሪስ» ብሎ ሰየመው፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ሌላ ስም አልነበረውም። ናስር ሸራውን ተሸክሞ አደረሰለትና ለምን እንደፈለገው አየ፤ ኢድሪስና ጓደኞቹ ሸራውን በስፖንጅ ላይ ዘርግተው፣ ኪሞኖ የምንለውን ወፍራም ነጭ ልብስ ለብሰው፣ አንዱ የሌላውን ኮሌታና እጅጌ ይዞ መሬት ላይ ይታገሉ ነበር። የብራዚል ጁጂትሱ ይባላል። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም፤ እጅ ወይም አንገት ይያዛል፣ የተያዘው ሰው መሸነፉን ሲያምን ባላጋራውን ወይም መሬቱን መታ መታ ያደርጋል፣ ወዲያው ይለቀቃል። ሱቅ በሙቀቱ ምክንያት ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ይዘጋ ስለነበር፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲገባ ናስር ወደዚያ ይሄድ ነበር። ጆሮው ያበጠው በዚህ ነው።

በሚቀጥለው የቅዝቃዜ ወቅት ከቁራጭ የተገጣጠመ ሸራ ግቢያችን ውስጥ ተዘረጋ። ኢድሪስ አርብ አርብ እየመጣ ናስርን ያሠራው ነበር፣ ከሥራው በኋላም ሸራው በውኃና በኮምጣጤ መታጠብ አለበት ብሎ ስላዘዘ እናቴ ከእሱ ጋር ሰላም አልነበራትም።

«ሰሚራ፣ ለዚህ ሰውዬ በፈረንሳይኛ ንገሪው፣ ኮምጣጤ የሰላጣ ነው በይው» ትለኝ ነበር።

እነግረዋለሁ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ በሚቀጥለው አርብ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ይዞላት ይመጣል፣ ግማሹን ለሸራው ያፈሳል።

አባቴ ምንም አይልም ነበር። ዝምታው ግን ፈቃድ አልነበረም፣ ይህንንም ሁላችንም ያወቅነው ታደሰ የመጣ ቀን ነው። ታደሰ የወሎ ሰው፣ የአባቴ የቆየ ደንበኛ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሹፌር ነበር። ከሁለት ሦስት ሹፌሮች ጋር ሸራውን ሊወስድ መጥቶ ግቢው ውስጥ የተዘረጋውን ሲያይ ሳቀ።

«ሐጂ፣ ይሄ ልጅህ ከፈረንጅ ጋር አፈር ላይ ይንከባለላል አሉ። እውነት ነው?»

«እሱን ጠይቀው» አለ አባቴ ከስፌቱ ቀና ሳይል።

«አቦ ጋሽ ታደሰ፣ መንከባለል አይደለም» አለ ናስር። «ከፈለግክ ና ላሳይህ።»

«አይ ድሬዎች! ለሽማግሌም አንተ!» አለና ታደሰ ጫማውን አወለቀ። «በል ና፣ ጎረምሳው። እኛ አገር ለጥምቀት የምንታገል ሰዎች ነን።»

ታደሰ ወገቡን ሊይዘው ሲመጣ ናስር አልታገለውም፤ የታደሰን ኮሌታ ይዞ በገዛ ፈቃዱ ተቀመጠ፣ ከዚያም በጀርባው ተኝቶ ሰውየውን በላዩ ላይ ሳበው። ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ «ወደቀ! ወደቀ! ጀርባው ነካ!» ብለው ጮኹ። አባቴ ያኔ ቀና አለ። ልጁን በጀርባው ተኝቶ፣ ታደሰን በላዩ ላይ አየ፣ መቀሱን አስቀመጠና ወደ ቤት ገባ።

ቀጥሎ የሆነውን አላየም። የናስር እግሮች በታደሰ ትከሻ ላይ ተቆላለፉ፣ የታደሰ ቀኝ እጅ በመሃላቸው ቀረ፣ ፊቱ ቀላ፣ ግራ እጁም ሸራውን ይደበድብ ጀመር።

«በቃ! በቃ! አንተ ልጅ ልቀቀኝ፣ መሪ የምይዝበት እጄ ነው!»

ሹፌሮቹ በሳቅ ሲወድቁ እኔ አባቴን ልጠራ ሮጬ ገባሁ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ውኃ ይጠጣ ነበር። «አባባ፣ ናስር አሸነፈ!» አልኩት። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ጀርባው መሬት የነካ ሰው ተሸንፏል። አባቴም የሚያውቀው ይህንን ነው፣ የአባቴ አባትም» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ለዓመታት፣ ናስር ሲታገል ዞሮ አይቶት አያውቅም።

ዓመታቱ በዚህ መልክ ሄዱ። ኢድሪስ የውትድርና ውሉ ሲያልቅ አገሩ አልተመለሰም፤ ወደቡ ላይ ሥራ ይዞ ቀረ። ናስር ትምህርቱን ጨርሶ ሙሉ ቀን ሱቅ ይውል ጀመር፣ በተዘጋበት ሰዓት ግን ግቢው ውስጥ የሰፈር ልጆችን ያሠራ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ በገባሁበት ዓመት፣ በቅዝቃዜው ወቅት ማብቂያ ላይ፣ ኢድሪስ ናስርን ይዞ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ወደሚደረግ ውድድር ሊሄድ እንደሚፈልግ ለአባቴ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። ተረጎምኩ። ናስር በተራው አንድ ነገር ጨመረ፤ በደንብ ከታገለ የራሱን ማሠልጠኛ ሊከፍት፣ ኑሮውን በዚህ ሊያደርግ ይፈልጋል።

አባቴ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሰግዶ ተመለሰ።

«ስማኝ» አለው በመጨረሻ። «ሂድ። አንድ ጊዜ ሂድ። ሜዳሊያ ይዘህ ከመጣህ አፌን እዘጋለሁ። ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን ይቺ የሱቁ በርጩማ ያንተ ናት፤ ከዚያ ወዲያ አትታገልም፣ ስሙንም እዚህ ቤት አታነሣም።»

«እሺ አባባ።»

«እሺ አይበቃኝም። ወላሂ በል።»

ናስር እኔን አየ፣ እናቴን አየ። «ወላሂ» አለ።

ኪሞኖው ኢድሪስ የሰጠው አሮጌ ልብስ ነበር፣ ኮሌታው በመያዝ ብዛት ተበልቶ ክሩ ይታይ ነበር። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት እናቴ አጥባ ካሰጣችበት ገመድ ላይ ጠፋ። ስንፈልገው አባቴ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ፣ ልብሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ለመኪና ማዕዘን ከሚጠቀምበት ጠንካራ ሸራ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ፣ በኮሌታው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስገብቶ፣ በሸራ መርፌና በሰም በተነከረ ክር ሲሰፋ አገኘነው። ሲጨርስ ፊቱን ወደ ሱቁ በር አዙሮ አውራ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደ፣ ጣቱም የትም አልቆመም፣ ከዚያ ልብሱን ለናስር ወረወረለት።

«ይህን ኮሌታ የሚቀድ ሰው አልተወለደም» አለ።

ናስር ልብሱን ይዞ ብዙ ቆመ። አባቴ ለትግሉ እጁን ሲያነሣለት ይህ የመጀመሪያው ነበር፣ ምርቃት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፣ እናቴም ሻሿን ወደ ዓይኗ ወስዳ ነበር።

በሳምንቱ ናስር ባዶ እጁን ተመለሰ። አንገቱ ላይ ገመድ የመሰለ ቀይ ምልክት ነበር። እናቴ እንዴት እንደነበር ስትጠይቀው «የመጀመሪያው ሰውዬ አሸነፈኝ» አለ። በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ራሱ ከፍቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ግቢ ውስጥ የነበረውን ሸራ ጠቅልሎ ግድግዳ ሥር አቆመው፣ የሰፈር ልጆች ሲመጡ «ቀርቷል» እያለ መለሳቸው፣ ኢድሪስንም ወደ ሱቅ እንዳይመጣ ለምኖት ኖሮ ሰውየው ጠፋ። ኪሞኖውን እናቴ አጥባ ቁምሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ኮሌታው ምንም አልሆነም ነበር፤ አንድ ክር አልተነካም። ማናችንም ይህ ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።

በዚያ የሙቀት ወቅት ድሬዳዋ አልሄድንም፤ እናቴ «ልጄን እንዲህ ሆኖ ትቼው አልሄድም» ብላ ቀረች። ናስር አልታመመም፣ አላኮረፈም። አባቴ ያለውን ሁሉ ይሠራል፣ ለደንበኛ ይስቃል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። በተዘጋው ሰዓት ግን የሚሄድበት ስላልነበረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር፣ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከአተነፋፈሱ ይታወቃል። አባቴ የፈለገውን አግኝቶ ነበር። ሆኖም ምግብ ላይ ናስርን ቀና ብሎ ያየዋል፣ መልሶ ያቀረቅራል፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ይቆጣ ነበር። «ሰው ከተሸነፈ ተሸነፈ ነው! ዓለም አለቀ?» ይላል፣ ማንም ሳይናገረው።

ነፋሱ ሊበርድ ሲል፣ አንድ ጠዋት ናስር መኪና ሊለካ ፔካ 12 እንደሄደ፣ ኢድሪስ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ጺሙን አልተላጨም ነበር። አባቴ እንዲቀመጥ በእጁ አሳየው፣ እኔንም «ሰሚራ፣ ነይ፣ ምን እንደሚል ንገሪኝ» ብሎ ጠራኝ።

«ናስርን ለምን ከለከሉት? እያለ ነው» አልኩት።

«እኔ አልከለከልኩትም። ቃል ነበረን። ተሸንፎ መጣ፣ ቃሉን ጠበቀ።»

ስተረጉምለት ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እኔ እንድከተለው እየጠበቀ፣ ተናገረ። ከግጥሚያው በፊት ዳኞች ልብሱን ይፈትሻሉ። ኮሌታ ባላጋራ በእጁ ጨብጦ ሊይዘው የሚችል ልስላሴ ሊኖረው ይገባል፣ ሕጉ ነው። ዳኛው የናስርን ኮሌታ ሲዳብስ ኮሌታው በጣቱ ሥር አልታጠፍ አለው። በዚህ ልብስ መግባት ማታለል ነው አለ።

«ማታለል?» አለ አባቴ። ፊቱ ተለወጠ። «ማታለል ነው ያለው?»

«እንደዚያ ብሏል አባባ።»

ኢድሪስ ቀጠለ። ጊዜ ነበራቸው። ዳኛው ምላጭ ሰጣቸው፣ በውስጡ ያለውን ቁራጭ ፈትታችሁ አውጡና ግቡ አላቸው። የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ናስር እምቢ አለ። ኢድሪስ ጮኸበት፣ ሰደበው፣ ለመነው። በመጨረሻ ናስር ከአንድ ግዙፍ ሞሮኳዊ ኪሞኖ ተውሶ ገባ፣ ልብሱ ሁለት እሱን ይይዝ ነበር፣ ባላጋራውም የተንጠለጠለውን ኮሌታ ይዞ በዚያው በኮሌታው አነቀው።

«ለምን?» አለ አባቴ። ድምፁ ቀንሶ ነበር። «ለምን አልፈታውም? ጠይቂው።»

መጠየቅ አላስፈለገኝም፣ ኢድሪስ ገብቶት ነበር። መልሱን ወደ አማርኛ መለስኩት።

«‹አባቴ የሰፋውን እኔ አልፈታም› አለኝ ነው የሚለው።»

አባቴ ኪሞኖውንና ምላጭ እንዳመጣለት አዘዘኝ። ልብሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጨርቁን ሳይነካ ስፌቱን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። አጥብቆ ስለሰፋው በቀላሉ አልወጣለትም። ናስር የመለኪያውን ገመድ በትከሻው እንዳደረገ ሲገባ አባቴ ገና ግማሹ ላይ ነበር። ኢድሪስን አየ፣ እኔን አየ፣ ምላጩን አየ።

«አባባ፣ ምን እያደረግክ ነው? ተወው።»

«አንተ መፍታት ካቃተህ የሰፋው ሰው ይፍታው።»

«አቦ አባባ... ከክፋት አላደረግከውም።»

«አውቃለሁ። ዝም በልና ስማኝ። እጅህን አስሬ ባሕር ሰደድኩህ፣ ከዚያ ለምን አልዋኘህም ብዬ የሙቀቱን ወቅት ሙሉ ፊት ነሣሁህ። የታሰረ ሰው ቃል የለበትም።»

«ወላሂ ብያለሁ።»

«ለወላሂው ሼኩን እጠይቃለሁ» አለ አባቴ፣ የመጨረሻውን ክር ስቦ እያወጣ።

ሼኩ እንደነገሩት፣ መሐላውን የሚያነሣ ሰው አሥር ችግረኞችን ያበላል፤ ከፋራ ይባላል። አባቴ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር የሸራ ጥቅል የምናከማችበት መጋዘን ነበረው። ሸራውን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ አስጠግቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ተጠቅልሎ የቆመውን የናስርን ሸራ አስመጥቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው፣ እናቴ ሩዝና የፍየል ሥጋ ሠራች፣ ናስርም ከሰፈሩ የቀን ሠራተኞችንና አንድ ሁለት አሮጊቶችን ጠርቶ በእጁ አበላቸው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እስኪበሉ ጠበቀ። ከበሉት አንዱ አፉን እየጠረገ፣ «ሐጂ፣ ይሄን ቤት ምን ልታደርገው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«የኔ አይደለም። የልጄ ነው» አለ አባቴ። «ልጆች ካሉህ ላክለት።»

የናስር ማሠልጠኛ የተከፈተው በዚህ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም የበሉት ሰዎች ልጆች ነበሩ። ከሸራው ሥር ፍራሽ ቤቶች የጣሉትን የስፖንጅ ቁርጥራጭ ሞላን፣ አባቴ ዳር ዳሩን ቀለበት መትቶ ልክ እንደ መኪና ጭነት በገመድ ወጥሮ አሰረው። በየሳምንቱ እየመጣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ውጥረቱን ይሰማ ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው ጫት ከተማ በሚገባበት ሰዓት ነበር፤ ናስር ሆን ብሎ ነው፣ ሁለቱን አብሮ መያዝ አይቻልም ይል ነበር። አንዳንዱ ወጣት ወደዚያኛው ሄደ፣ አንዳንዱ ቀረ።

ናስር ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች ተወዳድሯል። ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ የነሐስ ሜዳሊያ ይዞ መጣ፣ አባቴም ተቀብሎ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ከነሐስ ቀለበቶቹ ጋር ጣሳ ውስጥ አስቀመጠው። የተሸነፈባቸው ግጥሚያዎች ካሸነፈባቸው ይበዙ ይሆናል፣ እሱም አይደብቀውም። ጥቁሩን ቀበቶ ያገኘው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፣ ያሰረለትም ጠጉሩ የሸበተው ኢድሪስ ነበር። ያን ቀን አባቴ ከመካ ከተመለሰ ጥቂት ወራት ሆኖት፣ ሐጂነቱ በመጨረሻ እውነት ሆኖ፣ ወንበር ቀርቦለት ተቀምጦ ነበር፣ ታደሰም መኪና መንዳት ትቶ በከዘራ መጥቶ አጠገቡ ነበር። ናስር ከተማሪዎቹ ጋር ለማሳያ ሲታገል እንደ ልማዱ በጀርባው ተኛ።

«ሐጂ፣ ዛሬም ልጅህ ወደቀ» አለ ታደሰ፣ ነገር ሲፈልግ።

አባቴ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሣ መለሰ። «ታደሰ፣ መካኒክህ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ ወደቀ ትለዋለህ? ዝም ብለህ እይ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት የቅዝቃዜ ወቅት ነው የኖረው።

ወደቡ ላይ ሽታው የያዘኝ ቀን ሥራዬን ጨርሼ ወደ ዋራበሌ ሄድኩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀምሯል፣ ዕቃው በአብዛኛው በኮንቴይነር ተቆልፎ ይሄዳል፣ ሸራ የሚፈልገው ስንዴና ማዳበሪያ የሚጭነው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ላስቲክ ይለብሳል። ካርቲየ 2 ያለው ሱቃችን ተከራይቶ ስልክ ይሸጥበታል። የማሠልጠኛው ወለል ከውጭ በመጣ ሰማያዊ ምንጣፍ ተሸፍኗል፤ አሮጌው ሸራ ከሥሩ አለ፣ ናስር አላወጣውም፣ ግን አይሸትም። አዳራሹ የሚሸተው ላብና ኮምጣጤ ነው። ጥግ ላይ ያ አሮጌ ኪሞኖ ተሰቅሏል፣ በኮሌታው ዙሪያ የሸራው መርፌ የበሳቸው ቀዳዳዎች ስንት ጊዜ ታጥበው እስካሁን አልተደፈኑም።

ናስር በማግስቱ ለውድድር የሚሄዱ ልጆች ነበሩት። ልብሳቸውን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር፣ እኔን «እንዴት ዋልሽ፣ ሻይ አምጡላት» እያለ፣ ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ እጁ ብቻ በየኮሌታው ላይ ይሄዳል። አንዱ ላይ ጣቱ ቆመ፣ ወሬውም ቆመ።

«ይህን ማነው የሰፋው?»

«እናቴ ናት» አለች አንዲት ልጅ። «እንዳይቀደድ ብላ።»

«ግሩም ስፌት ነው» አለ ናስር ምላጩን እያነሣ። «ፈትቼ እሰጥሻለሁ። እናትሽ ጋ ግን እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ፤ አንቺ ምንም አትበያት።»

ሻዬን እየጠጣሁ ሲፈታ አየሁት፣ ጨርቁን ሳይነካ፣ አንድ በአንድ። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የላላ ስፌት ፍለጋ ይዳብስ ነበር፣ ናስር ደግሞ ዛሬ የሚፈልገው የጠበቀውን ነው። አውራ ጣቱ የሚሄድበት መንገድ ግን ያው ነው።